ትርንጎ ያነደደችው ማሳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ በተከዜ ቆላ፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ዕጣን ሲለቅም ከገደል ወድቆ ሞተባት። ልጆቿ ገና ትንንሾች ነበሩ። እሷም የባሏን መቅረፊያ ቢላዋ አንስታ ገደሉን ወጣች።

የዕጣን ዛፍ ሌላ ተክል እንቢ ባለው ድንጋይ ላይ ይበቅላል፤ አለቱን በሥሩ ጨብጦ ይቆማል። በመጀመሪያው በጋ እግሯ ከዳት። ድንጋዩ ከሥሯ ተናደ። እጇ የአንድ ዕጣን ዛፍ ሥር አገኘና ተንጠለጠለች። ይነቀል ይሆን ብላ ትንፋሿን ዋጠች። አልተነቀለም። ከዚያ ወዲህ ያን ዛፍ «አለሁሽ» አለችው። ሰው ሳቀባት፤ ኋላ ግን አገሩ ሁሉ የዕጣን ዛፍን «አለሁሽ» እያለ ጠራው።

ደግሞ ክፉ ዘመን መጣ። የአገሩ ገዥ ዕጣኑ አነሰኝ አለ። ግንዱን በመጥረቢያ ፈልጡት፣ ብዙ ይፍሰስ ብሎ አዘዘ።

«ጌታዬ፣ ዛፉ ቆዳው ሲላጥ ዕጣን ያነባል፤ አጥንቱ ከተነካ ግን ይሞታል» አለች ትርንጎ።

ገዥው ከአንዱ ዛፍ ጋር አሳሰራት። በጋ ነው፤ ዛፉ ቅጠል የለው፣ ጥላ የለው። ለመንደሩ ሰው መጥረቢያ ታደለ። ትርንጎ ዓይን ዓይናቸውን አየች። አንዱ ከመታ ሁሉም እንደሚመታ ታውቃለች። አንድ ሽማግሌ መጥረቢያውን መሬት አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሌላውም ተቀመጠ። ሌላውም። ገዥው ሁሉንም የሚያስርበት ገመድ አጣና በቅሎውን አዞረ።

ሦስተኛው መከራ እሳት ነበር። ማሽላው ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ሰደድ እሳት ከሸለቆው ተነሥቶ ወደ ዛፎቹ ገሠገሠ። በመካከል ያለው የትርንጎ ማሳ ብቻ ነው። ትርንጎ ሰደዱ ሳይደርስ ማሳዋን ቀድማ ልታነደው፣ ችቦ ይዛ በዛፎቹ በኩል ወዳለው የማሳው ዳር ሮጠች። ጎረቤቷ አዛለች ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ፣ የልጆችሽ የዓመት ቀለብ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ልቀቂኝ።»

ማሽላውን ለኮሰችው። እሳቱ ወደ ዛፎቹ እንዳይወጣ ሰዉ በእርጥብ ቅጠል እየመታ መለሰው። ማሽላው እየተንጣጣ ነደደ። ሁለቱ እሳቶች ተገናኙ፤ የሚበሉት አጡና ወደቁ። ዛፎቹ ተረፉ። ትርንጎ አመዱ ዳር ተቀምጣ፣ ልጆቿን አቅፋ አለቀሰች።

በማግስቱ ከየቤቱ ማሽላ መጣላት። ከዚያ ጀምሮ በዚያ ቆላ አዲስ እህል ሲወቃ፣ ሰብሉ ለጠፋበት ሰው ከየአውድማው አንድ ቁና ይሰፈራል። ሰጪው የኔ ነው አይልም፤ ተቀባዩም አንገቱን አይደፋም።

«ትርንጎ ካነደደችው ማሳ ነው» ይባላል፤ ይበላል።