አያ ቢሻው ድዱን የተነቀሰ ጊዜ

ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአያ ቢሻው ድድ ደምቷል!

ነጋሪት አልተጎሰመበትም እንጂ ነገሩስ በገበያ መካከል የታወጀ ነው። በእኛ አገር፣ ሰው የውስጡን በሽታ ትቶ የላዩን ሲቀባባ ያዩ እንደሆነ የሚሉት አንድ አባባል አለ። አባባሉ የበቀለው ከዚሁ ድድ ላይ ነው።

አያ ቢሻው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ከብትም መሬትም ያልጎደለው፣ ትዕግሥት ብቻ የጎደለው ሰው ነበር። የእኛ ዘመድ ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። እኛ ዘር ዘርተን በማግሥቱ፣ በቅሎ እንደሆን ብለን ቆፍረን የምናይ ሰዎች ነን።

ልቡ ያረፈው አንጓች ላይ ነበር። እሷም ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከምላጭ የሰላ ሴት ናት። አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝቷት ቀልድ ነገራትና በገዛ ቀልዱ ራሱ ሳቀ።

«አያ ቢሻው፣» አለችው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «በግ ያረዱት በጥርስዎ ነው እንዴ? አፍዎ እኮ ደም በደም ሆኗል!»

ገበያተኛው አውካካ። አያ ቢሻው አፉን በጋቢው ጋረደ።

«እኔ ሽማግሌ ልልክብሽ አስቤ፣ አንቺ ታዋርጅኛለሽ?»

«ይላኩ፣ ማን ከለከለዎት? ድድዎ እየደማ፣ አፍዎ እየሸተተ ግን እሺ አልልም። ጧት ማታ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጠው ይጉመጥመጡ። ቀጭን የወይራ መፋቂያ ይቁረጡና ጫፉን አኝከው ሲለሰልስልዎት የጥርስዎን ሥር ቀስ አድርገው ይሹት። ደሙ ሲቆም ሽማግሌዎን ይላኩ።»

«መቼ ነው የሚቆም?»

«እህሉ እስኪታጨድ ከታገሡ ይቆማል።»

አያ ቢሻው ወይራውን ቆረጠ። የቆረጠው ግን ለበር መቀርቀሪያ እንጂ ለመፋቂያ የሚሆን አልነበረም። የወሩን መፋቅ ባንድ ጧት ልገላገለው ብሎ ድዱን እንደ ጠፍ መሬት ገልብጦ አረሰው። ጨውንም ሳይበጠብጥ በእፍኙ ሞጀረበት። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ጅብ በረት ገባ ብለው ዱላ ይዘው መጡ። ደሙ ሲብስበት ጊዜ፣ «ሴትዮዋ እኔን ላለማግባት ልትገድለኝ ነው» ብሎ መፋቂያውን ወረወረው።

ወዲያው አንድ ብልሃት ታየው። የሴቶችን ድድ በመርፌ እየወጋች በጥላሸት ቀለም የምታጠቁር አንዲት አሮጊት ነቃሽ ነበረች። ጥቁር ድድ ላይ ደም ማን ያያል? ለድካሟ ዋጋ ሙክት ፍየል እየጎተተ ወደ እሷ ሄደ።

«የወንድ ድድ ነቅሼ አላውቅም፣» አለችው አሮጊቷ።

«ድድ ወንድና ሴት አለው እንዴ?»

«ድድስ የለውም። ሰው ግን ሲያይህ ይስቃል።»

«አፌን እዘጋለሁ።»

«አንተ? አፍህን?» ብላ ፍየሉን ዳሰስ አደረገችው። ሙክቱ የሰባ ነበር። «ይሁን። ነገር ግን የታመመ ድድ መርፌ አይነካውም፤ አስቀድመህ አድነው።»

«ካዳንሁትማ አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ?» ብሎ አፉን ከፈተላት።

ተነቅሶ የመርፌው እብጠት ጎደል ሲልለት ጎረቤቱን አባ ውቤን፣ «ደሙ ቆሟል፣ ይነሡ» አላቸው። ወጉ ሽማግሌ ሲሄድ ጠያቂው ቤቱ መቀመጥ ነው፤ እሱ ግን ተከተላቸው። አንጓች በደንብ ተቀብላ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አቀረበች። አባ ውቤ ነገር ሊከፍቱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ አያ ቢሻው በቆሎውን ገመጠ። ነጩ በቆሎ ከአፉ ቀልቶ ወጣ።

አንጓች በቆሎውን አየች። ቀጥላም አፉን።

«እስቲ ይሳቁ።»

«ምን የሚያስቅ ነገር አለና?»

«ግድ የለም፣ ይጀምሩት፤ እኔ እከተልዎታለሁ።»

ቢቸግረው ከንፈሩን ገለጥ አደረገ።

«እሰይ! አያ ቢሻው፣ ከእኔ ቀድመው ሙሽሪት ሆኑ?»

አባ ውቤን በቆሎው ትን አላቸው። አያ ቢሻው አንገቱን ደፋ። «ደሙን ልሸሽግሽ ብዬ ሞኝነቴን አስነቀስሁ፣» አለ።

ይህን ጊዜ ሳቋን አቆመች። «ደሙስ ከታገሡት ይቆማል። ጥቁሩ ግን አብሮዎት ይቀበራል። ያልሁዎትን አድርገው ይምጡ፤ እኔ እንደሆን የትም አልሄድ።»

አሁንስ ታገሠ። መፋቂያውን አሳንሶ ቆረጠ፣ ጨዉን በጠበጠ፤ እጁ በቸኮለበት ቁጥር፣ «ቢሻው፣ እርሻ አይደለም!» እያለ ራሱን ይገሥጽ ነበር። እህሉ ታጭዶ ሲወቃ ደሙ ቆመ፣ ሽታውም ጠፋ። ጥምቀት ሲያልፍ ሠርጉ ተደገሰ። ሙሽራው ደስታው ፈንቅሎት ቢስቅ ያ ጥቁር ድድ ለእድምተኛው ሁሉ ታየ።

«አያ ቢሻው! ድድህን ምን ነካው?»

«አልናገርም።»

«ኧረ ንገረን፣ በሙሽርነትህ!»

«አልናገርም አልሁ፤ አልናገርም!»

እድምተኛው ፊቱን ወደ አባ ውቤ አዞረ። አባ ውቤም ዋንጫቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «እኔንም አብራራ አትበሉኝ፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ የድድ ደም በቀለም አይታከም።»