እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር

አንድ ሰው ብስክሌት ሊገዛ ወጣ።

ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው፤ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ብስክሌቱ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ያንን ከባድ የብረት ብስክሌት ነው። የሐረጎን ዳገት ታውቁት የለ? እሱን በዚያ ብረት እያቃሰተ ይወጣና ደሴ ይገባል፤ ደግሞ ቁልቁል ይመለሳል። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ካርቦን ከሚሉት ነገር የተሠራውን፣ በአንድ ጣት ብድግ የሚለውን ብስክሌት።

ታዲያ ዕቁብ ሲደርሰው ሁለት ጓደኞቹን ጠራ፤ መርሻንና እንድሪስን። አብረውት የሚነዱ፣ ዳገቱንም መውደቁንም አብረውት ያዩ ሰዎች ናቸው። ምን አላቸው? «እኔን ደስታው ያሳውረኛል፤ እናንተ ዓይናችሁን አውሱኝ» አላቸው። ልብ በሉ፣ ወገኖቼ! የጠራቸው እንዲያዩለት ነው።

ሱቅ ገቡ። ሁለት ብስክሌት ቀረበ። አንደኛው ነጭ ነው፤ ከበድ ይላል፤ ዓይን አይስብም። ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ቢያነሱት ላባ! ሰውየው ጥቁሩን በአንድ ጣቱ አነሳና፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ሕፃን ሳቀ።

«ይኸኛው ነው! አይደል? እስቲ ደህና አድርጋችሁ እዩልኝ!»

መርሻ ጎንበስ ብሎ አየ። የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። አያት። ቀና አለ። «ያምራል» አለ።

እንድሪስ ተጠጋ። ሹካውን ዳሰሰው። መስመሯ ጥፍሩን ያዝ አደረገችው። እጁን ሰበሰበና፣ «ማሻአላህ! በደስታ ንዳው፤ ከሰው ዓይን ይሰውርህ» ብሎ መረቀው።

ሁለቱም ብስክሌተኞች ናቸው እኮ! ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፤ ይንቋቋል፤ «ተጠንቀቅ» ይልሃል። ካርቦን ግን አንዴ ከተሰነጠቀ ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ አንድ ቀን ቀጭ! ይኼንን አሳምረው ያውቃሉ።

ሰውየው ጥቁሩን ገዛ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ደሴ ወጡ። ሲመለሱ ሰውየው ቀደማቸው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ፣ ፍሬን ያዘ። ሹካው ቀጭ አለ። የፊት ጎማው ብቻውን ሄደ። ሰውየው በፊቱ አስፋልቱ ላይ ተደፋ።

እኔ ልጠይቀው ሆስፒታል ስደርስ መንጋጋው ታስሯል፤ አንድ እግሩ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ አጠገቡ ተቀምጣለች። እንድሪስ ደም ሰጥቶ ክንዱን በጥጥ ይዞ ቆሟል። መርሻ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። አጽናናዋለሁ ብዬ ትከሻውን ብይዘው አፈነዳው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው! መስመሯን አይቻታለሁ። የእኔ ብስክሌት አሮጌ ስለሆነ፣ ብናገር ‹ቀና› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

እንድሪስ ራሱን ያዘ። «አንተም አይተሃታል? እኔ በጥፍሬ ነክቻታለሁ እኮ! እንደዚያ ደስ ብሎት፣ ባለ ሱቁም ቆሞ እያየን... ይሉኝታ ያዘኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብላ ተነሳች። አልጮኸችም። «ሁለታችሁም አይታችሁ፣» አለች፣ «መርቃችሁ ሰደዳችሁት?»

ደነገጥኩ፣ ወገኖቼ! ጠላቶቹ ቢሆኑ አይገርመኝም። ወዳጆቹ ናቸው! የሚወዱት ናቸው! ደሙን ሳይሳሳ የሰጠው ሰው አንዲት ቃል መስጠት አቅቶት ነበር። ምን ዓይነት ፍቅር ነው ይኼ? ደም የማይከብደው፣ ቃል የሚከብደው?

ቆዩ፣ ገና አልጨረስኩም። ሰውየው ከአልጋው ላይ እጁን አነሳ። መንጋጋው ታስሯልና በጥርሱ መሀል ነው የሚናገረው፤ ጎንበስ ብለን ሰማነው።

«እኔም አይቻት ነበር።»

ማን? እሱ!

«ቤት ወስጄ ስወለውለው አየኋት። ደነገጥኩ። ‹መርሻና እንድሪስ አይተውታል፤ ክፉ ቢሆን ይነግሩኝ ነበር› አልኩና ተኛሁ።»

እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ገባችሁ? እነሱ ዝም ያልን መስሏቸዋል። ዝም አላሉም! ዝምታቸው ሌሊቱን ሙሉ «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ሲለው አደረ። ሰውየው ፍርሃቱን ያጠፋው በእነሱ ዝምታ ነው።

እናንተስ? መስመር ያለበት ሰው አታውቁም? ያ ወንድማችሁ መጠጡ ከማታ አልፎ ጠዋት ደርሷል። አፉ ሲሸት ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ «ሰላም ነው?» ትሉታላችሁ። ያቺ ልጅ ልትዳር ነው፤ ዓይኗ ሥር በልዟል። «በር መታኝ» አለች። የትኛው በር ነው ሁለት ጊዜ የሚመታው? ታውቃላችሁ! አውቃችሁ «እግዜር ይማርሽ» አላችኋት፤ የሠርጓን ድንኳን ልትተክሉ ነው። እልል ልትሉላት ነው!

«ዝምታ ወርቅ ነው» ትሉኛላችሁ። ሆስፒታል ሂዱና ለወይዘሮ አስካለ ንገሯት እስቲ!

«ምቀኛ ይሉኛል» ትላለህ። ይበሉህ! ምቀኛ ተብለህ ወንድምህ በእግሩ ቤቱ ቢገባ ምን ትከስራለህ? ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ቀልደው ነው?

ለሰፈሩ ንገሩ አላልኩም። ለሰፈሩማ ነግራችኋል፤ በዚህ አትታሙም! ለእሱ ንገሩት። ገለል አድርጋችሁ፣ እጁን ይዛችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ። ይቆጣ ይሆናል። ይኮርፍ ይሆናል። ይኩረፍ! ያኮረፈ ይታረቃል።

አሁን እየሰማችሁኝ የአንድ ሰው ስም የመጣባችሁ አላችሁ። አንገታችሁን ስትደፉ አየኋችሁ። ያ ሰው መስመሯን ራሱ አይቷታል። ፈርቷል። መፍራት እንዳለበትና እንደሌለበት ለማወቅ የሚያየው ግን የእናንተን ፊት ነው።

ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ ደጅ ላይ ታገኙታላችሁ። እጁን ይዘረጋላችኋል። ፊታችሁን ያያል።

ልትመርቁት ነው?