መብራት የጠጣች መኪናና የእትዬ ማንአህሎሽ ምንጣፍ

ጆሮ ካዋሳችሁኝ የማወራው አለኝ፤ ካላዋሳችሁኝም ለግድግዳው እነግረዋለሁ።

ሞጆ ውስጥ ደምሰው የሚባል የታክሲ ሹፌር አለ። ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና አለችው፣ የዓይን ሞራ ብርሃኗን የጋረደባት አልጋነሽ የምትባል ሚስትም አለችው። ያን ቀን ቢሾፍቱ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል። ቀዶ ሕክምናው ለዚያ ቀን ብቻ ነው፣ የአልጋነሽ ተራ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከቀረች እስከ ዓመት በዳበሳ መኖሯ ነው።

ደምሰው የፈለገው ትንሽ ነገር ነበር፤ የሁለት ሰዓት ቻርጅ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ መኪናዋ ባዶ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ገመዱን ሰካና «በይ ጠጪና እንሂድ» አላት። መኪናዋም «ካልጠጣሁ አልሄድም» አለች።

የቆጣሪው ብሬከር ጧ ብሎ ወረደ። ደምሰው መለሰው። ጧ፣ ደግሞ ወረደ።

«ብሬከር ሆይ፣ ያዝ እንጂ፤ መኪናዋ አልሄድም አለች፣ አልጋነሽ ልትቀር ነው።»

ብሬከሩ፣ «የስድስት ቤት ተከራይ ተሸክሜ፣ የውሃ ፓምፑን ተሸክሜ፣ መኪና ትጨምርብኛለህ? ፓምፑ ካላረፈ አልይዝም» አለ።

ደምሰው ወደ ፓምፑ ሄደ። «ፓምፕ ሆይ፣ እረፍ እንጂ፤ ብሬከሩ አልይዝም አለ፣ መኪናዋ አልሄድም አለች፣ አልጋነሽ ልትቀር ነው።»

ፓምፑ እያጉረመረመ፣ «ሮቶው ካልሞላ አላርፍም» አለ።

ደምሰው መሰላል አቁሞ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው፣ ወደ ሮቶው ወጣ። «ሮቶ ሆይ፣ ሙላ እንጂ፤ ፓምፑ አላርፍም አለ፣ ብሬከሩ አልይዝም አለ፣ መኪናዋ አልሄድም አለች፣ አልጋነሽ ልትቀር ነው።»

ሮቶው፣ «በላይ የገባው በታች እየወጣ በምን ልሙላ? ቧንቧው ካልተዘጋ አልሞላም» አለ።

ደምሰው ከመሰላሉ ወርዶ ወደ ቧንቧው ሄደ። «ቧንቧ ሆይ፣ ተዘጋ እንጂ፤ ሮቶው አልሞላም አለ፣ ፓምፑ አላርፍም አለ፣ ብሬከሩ አልይዝም አለ፣ መኪናዋ አልሄድም አለች፣ አልጋነሽ ልትቀር ነው።»

ቧንቧው ከሥሩ በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ውሃውን እየለቀቀ፣ «ምንጣፉ ካልነጻ አልዘጋም» አለ። ምንጣፉ ደግሞ አረፋ እየተፋ፣ «እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ? እትዬ ማንአህሎሽ ካላነሱኝ አልነሳም» አለ።

እዚህ ላይ ደምሰው ልመናውን ገታ። እትዬ ማንአህሎሽ አከራዩ ናቸዋ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ትልቁን ምንጣፍ በእግራቸው ይረግጡታል። ፓምፕ ይለመናል፣ ሮቶ ይለመናል፤ አከራይን ግን በገዛ ግቢያቸው «ውሃ ይዝጉልኝ» ይባላል? ይሉኝታ ያዘው። «እንዴት አደሩ እትዬ?» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ደህና አደሩ ወይ?» አለ። ሦስተኛም ሰላምታ ሊያቀርብ ሲል ሦስት ሰዓት ሆነ።

አልጋነሽ ለባብሳ፣ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ ነበር። «ደምሰው፣ አልተነሳንም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ይሉኝታው ለቀቀው።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ምንጣፉ አልነሳም አለ፣ ቧንቧው አልዘጋም አለ፣ ሮቶው አልሞላም አለ፣ ፓምፑ አላርፍም አለ፣ ብሬከሩ አልይዝም አለ፣ መኪናዋ አልሄድም አለች፣ አልጋነሽ ልትቀርብኝ ነው።»

እትዬ ማንአህሎሽ እግራቸውን አነሱ። «መኪናና ውሃ ምን አገናኛቸው ልጄ?»

«መስመሩ አንድ ነው እትዬ። መኪናዋ ስትጠጣ የበርካታ ቤት መብራት ያህል ትስባለች፤ ከፓምፑ ጋር አይቻልም።»

«እና ይህን ለመናገር አንድ ሰዓት ሙሉ ደህንነቴን ትጠይቃለህ? ይሄን ምንጣፍ ለማን የማጥበው መሰለህ? ነገ ለአልጋነሽ ጠያቂ ይመጣል፣ ቤታችሁ ላነጥፍላችሁ ብዬ እኮ ነው። ለእሷ ስል እሷኑ ላስቀራት?»

እትዬ ማንአህሎሽ ምንጣፉን አነሱ። ምንጣፉ ተነሳ፣ ቧንቧው ተዘጋ፣ ሮቶው ሞላ፣ ፓምፑ አረፈ፣ ብሬከሩ ያዘ፣ መኪናዋም ጠጣች። ወሬው በየቤቱ ሲደርስ ተከራዮቹ አንድ በአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን አጠፉ፤ ማንም አጥፉ ያላቸው የለም። ደምሰው ይህን ሲያይ አንገቱን ደፋ። አምስት ዓመት አብሯቸው ሲኖር አንድ ቀን እንኳ እርዱኝ ብሎ አያውቅም ነበር።

አምስት ሰዓት ሲሆን መኪናዋ «ጠጣሁ፣ እሄዳለሁ» አለች። አልጋነሽ መኪናዋ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ሁሉንም አመሰገነች። እትዬ ማንአህሎሽን ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ብላ ተከለከለች፤ ጎረቤቶቿን በየድምፃቸው ለይታ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ በዳበሳ ቆጣሪው ጋ ደርሳ ብሬከሩንም «አንተም ተባረክ» አለችው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቢሾፍቱ ደረሱ።

በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታላት። አልጋነሽ መስኮቱን አየች፣ እጇን አየች፣ ከዚያ ደምሰውን አፍጥጣ አየችው።

«ጠጉርህ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?» አለችው።

ደምሰው ሊስቅ ብሎ አለቀሰ። «አንቺ ሳታይኝ» አላት። «ተመስገን፣ አሁን አየሽው።»

እኔም ወሬዬን እዚህ ላይ ነቀልኩ፤ ገመዱን ለባለ ተራው አቀበልኩ።