እህል አሻጋሪዋ በራሪ

ተረት ተረት ስላችሁ «ቀጥል» በሉኝማ። ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ ኢንጂነር በሆነበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ነበረች። ገደሉን እየወረደችና እየወጣች ማዶ ላሉት ረሃብተኞች እህል ስታመላልስ ጀርባዋ ተልጦ አለቀ። አያ አንበሶ አዘነላትና፣ «እህሉን በአየር የምታሻግር በራሪ ትሠራ! የድርሻውን አሳምሮ የሠራ ይሸለማል» አለ። አህያም «ተገላገልኩ!» ብላ አፈር ላይ ተንከባለለች።

ንስር ክንፏን ሠራና፣ «ከዚህ የሚሰፋ ክንፍ ካያችሁ ጥሩኝ» አለ። ኤሊ ገላዋን ሠራችና፣ «ቋጥኝ ቢወድቅባት የሚሰበረው ቋጥኙ ነው» አለች። ጉሬዛ ደግሞ ውስጧን እስከ አፏ ድረስ በለስላሳ ፀጉር ሞልቶ፣ «ምቾት ማለት ይሄ ነው!» አለ። ሦስቱም ተሸለሙ።

አህያ በራሪዋን ዞራ ዞራ አየቻትና፣ «ጌቶቼ፣ እህሉስ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለች።

«አይ አንቺ!» አለ ንስር፣ «ወሬሽ ሁሉ ጭነት! ስለ ክንፍ ምን ይገባሻል?»

እውነቱን ነው፣ አይገባትም። በራሪዋን ካፋፉ ላይ ገፏት። አቤት ስታምር! ተንሳፍፋ ገደሉን ተሻገረች። ረሃብተኞቹ ሮጠው እጃቸውን ቢከቱ ፀጉር ብቻ ዘገኑ። ወዲህ ማዶ ግን ጭብጨባው ቀለጠ።

«ግን ማን ይመልሳታል?» አለች ኤሊ። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ አህያ ዞሩ።

«እመት አህያ» አለ አንበሶ በፍቅር፣ «ስትሄጂ እህሉን፣ ስትመለሺ በራሪዋን። ባዶሽን መመለስሽ እኮ ድሮም ኪሳራ ነበር።»

ተረቴ ይኸው ነው፤ ዳቦ ያላችሁ ቁረሱልኝ።