መተላለፊያው ላይ የተጨበጠ እጅ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበር። እንዲሁ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ወረቀት በእጁ የያዘ፣ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው። የተቀመጠው ግን ፓርላማ ውስጥ ነው። የየትኛው ዘመን ፓርላማ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ይኸው ገና ከመጀመሬ አንገታችሁን አሰገጋችሁ፤ «ዛሬ ማንን ሊነካ ነው?» እያላችሁ ነው። ማንንም አልነካም። የምነካው እናንተንና ራሴን ነው።

ሰውየውን አድማሱ እንበለው። የአንዲት ትንሽ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ነው። ትንሽ ስላችሁ የእውነት ትንሽ ናት፤ በምክር ቤቱ ያላት ወንበር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አድማሱ የተቀመጠበት። መሪውም እሱ፣ ተመሪውም እሱ። የመንግሥት ፓርቲ አባላት «ዛሬስ ፓርቲህ ተሟልቶ መጣ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልገዋለሁ።

በዚያ ቀን መንግሥት አንድ ፖሊሲ አቀረበ። በየገጠሩ የተበተኑት ጤና ኬላዎች ይዘጉ፣ ነርሶቹም በየወረዳው ከተማ ወደሚከፈት ትልቅ ሆስፒታል ይጠቃለሉ የሚል ነው። ለጆሮ ያምራል። ትልቅ ሆስፒታል ማን ይጠላል? አድማሱም አልጠላም። እሱን ያስጨነቀው ወንዙ ነው። የተወለደበትን ቀበሌ ከወረዳው ከተማ የሚለየው ወንዝ ድልድይ የለውም። ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደፍሮ የሚሻገረው የለም። ከወንዙ ማዶ ያለችው አንዲት ጤና ኬላ፣ በውስጧም አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። የአድማሱ እናት ታናሹን ልትወልድ ስታምጥ የሞተችው በዚያ ወንዝ ዳር ነው። ያኔ ጤና ኬላዋ አልተሠራችም ነበር።

ተራው ደረሰ። ለአንድ ወንበር የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ወረቀቱን ዘረጋው፣ መልሶም አጠፈው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጽሑፉ አልታየውም።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣» አለ፣ «ሆስፒታሉ ይከፈት፣ ደግ ነገር ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወንዝ የሚለያቸው ቀበሌዎች ድልድይ እስኪሠራላቸው ድረስ ጤና ኬላቸው አይዘጋባቸው። ይህ ጉዳይ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራና ኮሚቴው ሄዶ ወንዙን በዓይኑ ይየው። ሐምሌ ላይ ይሂድ። ከተሻገረው ቃሌን አነሳለሁ፤ ካልተሻገረው ግን የምታምጥ ሴት እንዴት...»

ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ሰዓቱ አልቋል።

አሁን ልብ በሉ። በዚያ ምክር ቤት አንድ ደንብ አለ፤ በዕድራችሁም ስላለ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ሐሳብ ሲያቀርብ ሌላ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ሊደግፈው ይገባል። ደጋፊ ካገኘ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። ካላገኘ እዚያው ይወድቃል። ስንት እጅ ነው ያልኳችሁ? መቶ ነው? ሃምሳ ነው? አንድ እጅ!

አፈ ጉባኤው ጠየቁ፤ «የተከበሩ አቶ አድማሱ ያቀረቡትን ሐሳብ የሚደግፍ አለ?»

አድማሱ ዞር አለ። ከኋላው በሦስተኛው ረድፍ ባንተይርጋ ተቀምጧል። ባንተይርጋ የመንግሥት ፓርቲ አባል ነው፤ ግን የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። አብረው ፊደል ቆጥረዋል፤ የአድማሱ እናት የሞተች ዕለትም አብረው ከወንዙ ዳር ቆመው አልቅሰዋል። ወንዙን ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው የለም። ዓይን ለዓይን ሊገጣጠሙ ሲሉ ባንተይርጋ መነጽሩን አወለቀና በመሐረብ መጥረግ ጀመረ። ወዲህ ሲጠርግ ወዲያ ሲጠርግ፣ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ይዘው ቀሩ።

«ደጋፊ የለም፤ ሐሳቡ ወድቋል» አሉ አፈ ጉባኤው። ፖሊሲውም በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ባልነገርኳችሁ። ለሻይ ሲወጡ መተላለፊያው ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዱ መጣና የአድማሱን እጅ ጨበጠ፤ «አፍህ ይባረክ!» አለው። ሌላው መጣ፤ «አንጀቴን አራስከው!» ሌላዋ መጣች፤ «እውነትህን እኮ ነው፣ ግን ምን ይደረግ፣ ፓርቲው አቋም ይዟል።» ባንተይርጋ ከሁሉም በኋላ መጣ። ግራ ቀኙን አየና አቀፈው። «አድሜ፣ ልክ ነህ። ወንዙን እኔ አጣሁት?» አለው በጆሮው።

አድማሱ ቤቱ ገባ። ሚስቱ የሺመቤት ለምሳ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች።

«እንዴት ዋልክ?»

«ሃያ ሰባት ሰው እጄን ጨበጠኝ።»

«ጎሽ! ስንቱ እጁን አወጣልህ ታዲያ?»

መዳፉን ገልብጦ አየው። «ይኸው ብቻ ነው፣ የኔው።»

የሺመቤት ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችለት። እሱም እጁን ከሚገባው በላይ ሲታጠብ ቆየ።

ጤና ኬላዋ በሚያዝያ ተዘጋች። አዋላጇም ሻንጣዋን ይዛ ወደ ከተማ ተሻገረች። በነሐሴ አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። ስሟ እንጉዳይ ነው፤ የባንተይርጋ ታናሽ እህት። ሰዎቹ ጠዋት በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት። ወንዙ ሞልቷል። አምቡላንስ ተጠርቶ መጥቷል፤ ከወዲያኛው ዳር ቆሞ ይታያቸዋል፤ ሐኪሙም ነጭ ጋውኑን ለብሶ ይታያቸዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየተያዩ ቆሙ። እንጉዳይ ከነልጇ እዚያው አረፈች።

አድማሱ ለቅሶ ሄደ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ከእነዚያ ሃያ ሰባቶቹም ብዙዎቹ አሉ። ባንተይርጋ ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ። እጁን በሁለት እጆቹ ያዘና፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ልክ ነበርክ! አድሜ፣ ልክ ነበርክ!» እያለ ጮኸ። ያን ቀን ግራ ቀኙን አላየም።

አድማሱም ምርር ብሎ አለቀሰ። እንጉዳይን ከሕፃንነቷ ያውቃታል። «ልክ መሆኔ ምን ያደርግልኛል?» አለው። «እኔ ብሳሳት በወደድኩ ነበር። የፈለግሁት ይህን የያዝከኝን እጅ ነው ወንድሜ። ያን ቀን ነበር የፈለግሁት።»

ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠ። ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልተለየም።

እናንተ አሁን በባንተይርጋ ፈረዳችሁበት፣ አይደል? ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም ያልኳችሁን ያዙልኝ ብዬ ነበር፤ አሁን አምጡት። እጅ መጨበጥ ክፋት ነው? አይደለም። ፍቅር ነው። ግን የምትወዱትን ሰው ብቻውን ካቆማችሁት በኋላ መተላለፊያ ላይ ብታቅፉት፣ እቅፋችሁ ለማን ነው? ለእሱ ነው ወይስ ለገዛ ሕሊናችሁ?

ፓርላማ ሩቅ ነው አትበሉኝ። ባለፈው እሑድ እዚሁ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ሰበካ ጉባኤ ተሰብስቦ ነበር። አዲስ አጥር ስለሚሠራ፣ ጸበል ፍለጋ መጥተው ከቅጥሩ ሥር የተጠለሉት ሕመምተኞች ይነሱ ተባለ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ብድግ አለች። «ይነሱ ካላችሁ ይነሱ፤ ግን ክረምቱ ይለፍላቸው» አለች። ሊቀመንበሩ «የሚደግፍ አለ?» ብለው ጠየቁ። ማን እጁን አወጣ? ማን?

ቆይ፣ እርስ በርስ አትተያዩ። እኔም ነበርኩ። እኔ ያን ጊዜ ነጠላዬን አስተካክል ነበር። ወዲህ ስጥለው ወዲያ ስጥለው ጉዳዩ አለፈ። ስንወጣ በሩ ላይ እጇን ያዝኩና «ልክ ነሽ፣ ልጄ» አልኳት። ብዙዎቻችሁም ከኋላዬ ተሰልፋችሁ ጉንጯን ስማችኋል። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ነበር የሄደችው። ይኸው ማስነሳቱ ተጀመረ፤ ሳምንቱንም ሙሉ ዘነበ፤ ከተነሱት ሕመምተኞችም አንዷን ሐሙስ ቀበርን። እኔ ነኝ ፍትሐቱ ላይ ቆሜ የጸለይኩት፤ በየትኛው አፌ እንደጸለይኩ አላውቅም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ይቀጥላል። ከቅጥሩ ሥር ገና ያልተነሳ አሥራ አንድ ሰው አለ።

ዘርፈሽዋል፣ ልጄ፣ ከኋላ ተቀምጠሽ አየሁሽ። እባክሽ እንደገና ተነሺና ያንኑ ተናገሪ። ዛሬ በሩ ላይ አልጠብቅሽም። እናንተም ጠብቃችሁ እንዳታቅፏት። እኔ ሊቀመንበሩ እስኪጠይቁም አልቆይም፤ ይኸው፣ እጄ ከአሁኑ ወጥቷል።