በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተነሡ እጆች

አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንተ የሰፈሩ ሰዎች መርጠውት የምክር ቤት ሰብሳቢ የሆነ። ጉዳዩ ግልጽ ሲሆን ሌላውን ወገን መስማት ምን ይጠቅማል ብለህ ጠይቀኸኛል። እሱ ያደረገውን ልንገርህ።

በከተማቸው ከገበያው ጀርባ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበረ። የሕዝብ ንብረት ነው። ባዶውን ከሚፈርስ ይከራይ ተባለና ሁለት ጠያቂ ቀረበ። አንደኛው ሀብታም የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ሁለተኛው የሰፈሩ እድር ነው። እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን የሚያስቀምጥበት፣ በክረምት ደግሞ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ጣራ አልነበረውም። በዚያ ምክር ቤት ደንብ ጠያቂዎቹ ፊት ለፊት ቀርበው ሳይከራከሩ ድምፅ አይሰጥም። ለክርክሩ ቀጠሮ ተያዘ።

ቀጠሮው ሳይደርስ የሰብሳቢው ትንሽ ሴት ልጅ ሞተች።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ለሕፃን ድንኳን አይተከልም የሚሉም አልጠፉም፤ እድሩ ግን ተከለለት። ድንኳኑ ያፈሳል። ሰው ነጠላው እየራሰ ጉልበቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። አባትየው ከፍራሹ ላይ ሆኖ ውኃው በሚስቱ ትከሻ ላይ ሲንጠባጠብ ያያል፤ ምንም ማድረግ አይችልም።

የምክር ቤቱ አባላት ሁሉ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነበር። አንደኛው ወደ ጓደኞቹ ዘንበል አለ።

«ምን እንጠብቃለን? ሁላችንም አለን። መጋዘኑን ለእድሩ እንስጥና እንገላገል።»

«ደንቡስ?»

«ደንቡ ቢሮ ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል፤ የምንበሰብሰው እኛ ነን። ይልቅ እጅህን አንሣ።»

እጆች ተነሡ። ለቀስተኛውም «እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ» አለ። ከጥግ በኩል አንድ ሰው ብቻ አንገቱን ደፋ። ነጋዴው ነበር። እሱም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እንደ ሌላው ሰው ዝናብ ሲመታው ቆይቷል።

ሰብሳቢው አየው። በዚያች ሰዓት መጋዘኑ ለእድሩ እንዲሆን ከማንም በላይ የሚፈልገው ራሱ ነበር። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ነገሩ ያልቅለት ነበር። ግን ከፍራሹ ተነሣ።

«ኧረ ተቀመጥ አንተ ልጅ! ሐዘንተኛ ከፍራሹ ይነሣል እንዴ?» አሉት እማማ ስንቅነሽ የሚባሉ አሮጊት ጎረቤቱ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለና ወደ አባላቱ ዞረ። «እጃችሁን አውርዱ። ይህ ሰው ለልጄ ሊያለቅስ ነው የመጣው። በለቅሶዬ ላይ እንዴት ብሎ ይከራከረኝ?»

እጆቹ ወረዱ። እሱም ተመልሶ ተቀመጠ። ዝናቡ አላቆመም።

በቀጠሮው ቀን ሰብሳቢው ወንበሩን ለምክትሉ ለቀቀ። «ሐዘኔ ገና ነው፤ እኔ ድምፅ አልሰጥም» ብሎ ከሕዝቡ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ነጋዴው አጥብቆ ተከራከረ። የመጋዘኑ ጣራ ዝጓል፤ እድሩ በምን አቅሙ ያድሰዋል አለ። የእድሩ ዳኛ ከአባላቱ መካከል አናጢም ቆርቆሮ የሚመታም እንዳለ፣ ጣራውን በገዛ እጃቸው እንደሚሠሩ መለሱ።

«ይሁን» አለ ነጋዴው። «የእኔ ጫኝና አውራጆች ግን ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ እድር የላቸውም። ከእነሱ አንዱ ሐዘን ሲደርስበት በሩን ትከፍቱለታላችሁ ወይስ አባል አይደለህም ትሉታላችሁ?»

እድር ለአባሉ እንጂ ለሌላ ደርሶ አያውቅም። ከአግዳሚው ማጉረምረም ተሰማ፤ «ነገር ሲፈልግ ነው!» ያለም ነበር። ዳኛው ግን ብዙ አስበው ተናገሩ። «ድንኳኑ የኛ ነው። ቤቱ ግን የሁሉም ነው። ከሰጣችሁን በሩን አንዘጋም።»

ምክር ቤቱ መጋዘኑን ለእድሩ አከራየ። ሐዘን የደረሰበት ሁሉ፣ አባል ሆነም አልሆነ፣ እንዲቀመጥበት በውሉ ላይ አሰፈረ። ነጋዴው ለሲሚንቶው ሌላ ቦታ ፈለገ። ክረምቱ ሳይወጣ ከጫኞቹ አንዱ አገር ቤት ያለች እናቱ መሞቷን ተረዳ። እድሩ በሩን ከፈተለት፤ ሰውየውም በደረቅ ወለል ላይ ተቀምጦ እናቱን አለቀሰ። ለቅሶ ከደረሱት መካከል ያ አባት ነበረበት።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ድንኳን ያንተ ጉባኤ ነው፤ ሁሉም ካንተ ጋር የሚስማማበት ቀን። ከጥግ አንገቱን የደፋው ደግሞ በዚያ ቀን አፉ የተያዘበት ሰው ነው። እሱን ባይሰሙት ኖሮም ቤቱ ለእድሩ ይሆን ነበር፤ በዚህ አልተሳሳትክም። ጫኙ ግን ከደጅ ይቀር ነበር። ስለ ጫኙ የተናገረ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ያ አባት ዓይኑ እንባ ሞልቶበት ወደ ጥጉ ተመለከተ። ያንተ ዓይን ደረቅ ነው። ምን ይከለክልሃል?