አንቀልባ ሰፊዋ ዳሳሽ እና ስም ያልወጣላት ልጇ

አያቶቻችን ገና በአያቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ሳሉ፣ ይህ ጥርጊያ ጥርጊያ ሳይሆን፣ እዚህ ወይራ መውረጃ ላይ ሦስት ወገን ይገናኝ ነበር። ከላይ ደገኛው ይወርዳል። ከጎን ኦሮሞው ይመጣል። ከታች አፋሩ ግመሉን እየነዳ ይወጣል። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይቆማል። ገብስ ይሸጣል፣ ቅቤ ይሸጣል፣ ጨው ይሸጣል። ለገበያ የመጣው ወጣት ደግሞ ዓይን ለዓይን ይተያያል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አትሳቁ።

እኔ የደገኛ ልጅ ሆኜ ገመዳ መባሌም ሁልጊዜ ያስቃችኋል። ዛሬ ከነምክንያቱ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ይሳቅ።

ዳሳሽ የምትባል ሴት ነበረች። ቆዳ ታለፋለች፣ ከለፋው ቆዳ አንቀልባ ትሰፋለች። በዚህ አገር የተወለደ ሁሉ እሷ በሰፋችው አንቀልባ ታዝሏል። ግን ያኔ ቆዳ ፋቂ ከሰው አይቆጠርም ነበር። ቡዳ ናቸው ይሏቸዋል። ከእጃቸው አይበሉም፣ ቤታቸው አይገቡም። አንቀልባውን ግን ይወስዳሉ። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሴትዮዋን ተጸይፎ እሷ በሰፋችው ልጁን የሚያዝል ሰው ምን ይባላል?

የዳሳሽ ባል ቶላ ነበር፤ እሱም ቆዳ ፋቂ፣ ከኦሮሞው ወገን የመጣ። ሴት ልጅ ወለዱ። የዳሳሽ አባት «በእኛ ወገን ስም ትጠራ» አለ። የቶላ እናት «በእኛ ወገን ስም ትጠራ» አለች። ተኳረፉ። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ። በዚያ ዘመን ስም የሚጸናው ዘመድ ተሰብስቦ በሰው ፊት ሲጠራው ነው፤ ለብቻ የተንሾካሾኩት ስም አይባልም። እነሱ ሲኳረፉ ልጅቱን በሃያ ሰባተኛው ቀን ትኩሳት ያዛትና ሞተች።

ቀበሯት። ዳሳሽ ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ የምትጠራው ስም የለም። ልቅሶ ላይ እናት የልጇን ስም እየጠራች ነው የምታለቅሰው፣ ታውቁታላችሁ። እሷ «ልጄ፣ ልጄ» ብቻ ብላ ተመለሰች። በዓመቱ ቶላም ሞተ። ሌላ ልጅ አልወለደችም። በየጊዜው ወደ መቃብሩ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ማንንም ሳትጠራ ትመለሳለች። ድህነቱን ችላው ነበር። ንቀቱንም ችላው ነበር። ያልቻለችው ይህን ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ተከታትሎ ደጇ መጣ። መጀመሪያ የመጣው የአያ ዘገየ ነገር ነው። አያ ዘገየ የኔ ምንጅላት ናቸው፤ ግትር ገበሬ ነበሩ፣ ግትርነታቸውን ለኛም አውርሰውናል። ልጃቸው ከኦሮሞው ወገን አዴ ሎሚ የሚባሉ ወይዘሮን ልጅ አገባ። ወንድ ልጅ ተወለደ። ቄሱም ሼሁም በየፊናቸው ጸለዩለት፤ በዚያ ጠብ አልነበረም። ጠቡ የመጣው በመጠሪያው ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አያ ዘገየ ዳሳሽ ደጅ ቆሙ። «አንቀልባ ስፊልኝ፣ ዛጎል ይኑረው። ልጁ በአባቴ ስም ወልዴ ይባላል» አሉ። ከሰዓት አዴ ሎሚ መጡ። «አንቀልባ ስፊልኝ፣ ቀይ ጨሌ ይኑረው። ልጁ በአባቴ ስም ጂሎ ይባላል» አሉ። ዳሳሽ አሰበችው። ልጁ አንድ ነው። አንቀልባው ሁለት ሊሆን ነው፣ ስሙም ሁለት ሊሆን ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ጠራቻቸውና አልሰፋም አለች።

አያ ዘገየ ተቆጡ። «አንቺ ማነሽና ነው?» አሉ።

«ማንም አይደለሁም» አለች ዳሳሽ። «ግን ስም ሳይወጣላት የቀበርኳት ልጅ አለችኝ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አላይም። አያ ዘገየ፣ እርስዎ ከአዴ ሎሚ ወገን ደግ የዋለልዎትን ሰው ያስቡና የሱን ስም ይዘው ይምጡ። አዴ ሎሚ፣ እርስዎም ከእሳቸው ወገን እንዲሁ። አንቀልባውን ያን ጊዜ እሰፋለሁ።»

አያ ዘገየ እያጉረመረሙ ሄዱ። አንድ ቀን አረሱ፣ ምንም አልመጣላቸውም። ሁለተኛ ቀን አረሱ፣ ምንም አልመጣላቸውም። በሦስተኛው ቀን በሬያቸው ማጥ ውስጥ ገባ፤ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ከዓመታት በፊት ሌላ በሬ በጎርፍ ማጥ ሰምጦባቸው ነበር። አንድ የኦሮሞ ጎረምሳ የቅቤ ሸክሙን ፀሐይ ላይ ጥሎ እስኪመሽ አብሯቸው ጎተተ። በሬው ወጣ። ቅቤው ቀልጦ አለቀ። ጎረምሳው ስቆ ባዶ እጁን ወደ አገሩ ሄደ። ያ ልጅ የአዴ ሎሚ ወንድም ነበር፤ ኋላ ላይ በወረርሽኝ ሞቷል።

ሐሙስ ደረሰ። አያ ዘገየ በሰው ፊት ቆመው «ገመዳ ይባል» አሉ።

አዴ ሎሚ ወደ አያ ዘገየ ቀረቡ። «ወንድሜን ያስታውሱታል እንዴ?» አሉ።

«እንዴት እረሳዋለሁ?» አሉ አያ ዘገየ። ሦስት ቀን እንደፈጀባቸው ግን ትንፍሽ አላሉም።

አዴ ሎሚም ከደገኛው ወገን ያገኙትን ስም ይዘው መጥተው ነበር፤ ለሚቀጥለው ልጅ ይሁን ተባለና ተቀመጠ። ዳሳሽ አንድ አንቀልባ ሰጠቻቸው፣ በአንዱ ጎን ዛጎል በአንዱ ጎን ጨሌ። እኔም የተጠራሁት በዚያ ልጅ ስም ነው። ዳሳሽ ግን ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ እንደ ወትሮዋ የምትጠራው አልነበራትም።

ሁለተኛው የአያ ደምሌ ነገር ነው። ይሄኛው ከበደ። የአያ ደምሌ ልጅ አልጋነሽ ሁመድ የሚባል አፋር አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። በደገኛውና በአፋሩ መካከል ያኔ በግጦሽ የተነሳ ደም ነበር። የሁመድ ዘመዶች ከደገኛው ደግ የዋለላቸውን ቆጥረው ስም ይዘው መጡ። አያ ደምሌ ግን «ከቆላ ሰው ደግ አይቼ አላውቅም» አሉ። በሚቀጥለው ቀን ተጠየቁ፣ ያንኑ አሉ። በሌላው ቀን ተጠየቁ፣ ያንኑ አሉ። ልጅቱ አሥራ ስድስት ቀን ሞላት።

ዳሳሽ ሄዳ ደጃቸው ተቀመጠች። ግቢ የሚላት የለም፣ እሷም አልገባችም። ፀሐዩም መታት፣ ካፊያውም መታት። በሁለተኛው ቀን አያ ደምሌ ወጥተው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ዋሽቻለሁ» አሉ። «ጎረምሳ ሳለሁ ለጨው ወርጄ ወባ ጣለኝ። ጓደኞቼ ይሞታል ብለው ጥለውኝ ሄዱ። አንዲት የአፋር ሴት ጎጆዋ አስገብታ አሥራ አምስት ቀን የግመል ወተት አጠጣችኝ። ስድን ተነስቼ መጣሁ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ይህን በሰው ፊት እንዴት ልናገር?»

ዳሳሽ ተነሳች። «ጎጆዋ የት ነበር?» አለች። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ድርብ ኮረብታ ሥር አሉ።

ያን ዕለት ከሁመድ ጋር ወረደች። ሁመድ ግመል ላይ ውጪ ቢላት እንቢ አለች፤ ፈርታ ነው ይላሉ፣ ግመል የማያስፈራው ማን አለ? በእግሯ አራት ቀን ሄደች። እግሯ ተላጠ። ደረቁን ወንዝ ተሻገሩ። ድርብ ኮረብታ ሥር ደረሱና ጠየቁ። አሮጊቷ ሞተዋል። ልጃቸው ግን ነበረች፤ ሁመድ እየተረጎመ ነገረቻቸው። «እናቴ እስክትሞት ‹ያ ደገኛ ልጅ አገሩ በሰላም ገብቶ ይሆን?› ትል ነበር። እሷም ስሙን አልጠየቀችውም። የእናቴ ስም መዲና ነው» አለች።

ዳሳሽ ሌላ አራት ቀን ሄዳ ተመለሰች። ሕፃኗ በተወለደች በሃያ ስድስተኛው ቀን ደረሰች። አያ ደምሌ በሰው ፊት ታሪኩን ሁሉ ተናገሩ፣ ምንም አላስቀሩም። «መዲና ትባል» አሉ። ሴትዮዋ ስለሳቸው እየጠየቀች መሞቷን ሲሰሙ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና አለቀሱ። የግጦሹ ደም የታረቀው በዚያው ወር ነው። እኔ በበኩሌ ለዚያች ለማላውቃት ሴት ሁልጊዜ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

ሦስተኛው በዳሳሽ በራሷ ቤት መጣ። የእህቷ ልጅ አስካለ ትባላለች። የእሜቴ አቻምየለሽ ልጅ ተሰማ ወደዳትና ይዟት ጠፋ። እሜቴ አቻምየለሽ ባለ ርስት ናቸው፤ ሲራመዱ ሰው መንገድ ይለቃል። ልጄ ፋቂ አገባ ብለው በራቸውን ዘጉ። አስካለ በዳሳሽ ጎጆ ሴት ልጅ ወለደች።

ዳሳሽ «በራሴ ቤት ዳኛ አልሆንም» ብላ ዝም አለች። ዝም አለች ግን ቀን ትቆጥር ነበር። አሥር ሆነ፣ አሥራ አምስት ሆነ፣ ሃያ ሆነ። አያ ዘገየ ትንሹን ገመዳን አዝለው እሜቴ ዘንድ ሄዱ። ወንድ ልጅ አንቀልባ አዝሎ ሲሄድ ያኔ ነውር ነው፤ እሳቸው ግን ሄዱ። «እሜቴ፣ ከቆዳ ፋቂው ወገን ደግ የዋለልዎት የለም?» አሏቸው። የለም አሉ። አያ ደምሌ ሄዱ፣ የለም አሏቸው። አዴ ሎሚ ሄዱ፣ የለም አሏቸው። ሃያ አምስት ሆነ። ዳሳሽ እህል መቅመስ ተወች።

በሃያ ስድስተኛው ቀን እሜቴ አቻምየለሽ ብቻቸውን መጡ። ሰዉ ሁሉ ተከተላቸው። የዳሳሽ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«አምስት ልጅ ወልጃለሁ» አሉ። «አምስቱንም አንቺ በሰፋሽው ነው ያዘልኩት። አንዱም ከጀርባዬ አልወደቀም። ከእጅሽ ግን ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። ውሃ ስጪኝ።»

ዳሳሽ በቅል ቀድታ ሰጠቻቸው። ጠጡ። ጨረሱና ወደ ውስጥ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ከዚህ ወገን ደግ የዋለልኝ አንቺ ነሽ። ልጅቱ ዳሳሽ ትባል» አሉ።

«የኔን ስም ገና እየሠራሁበት ነው፣ እሜቴ» አለች ዳሳሽ። ሰዉ ሳቀ። እሜቴ ግን አልሳቁም።

«ልጅ ሞታብሻለች አሉ» አሏት። «አባትሽ አንድ ስም አለ፣ አማትሽ ሌላ ስም አለች። አንቺስ ምን ልትያት ነበር?»

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች ዳሳሽ።

«ይኸው እኔ ጠየቅኩሽ።»

«ብርቄ» አለች። «ብርቄ ልላት ነበር።»

ሠላሳ ዓመት በአፏ ይዛው የኖረችው ስም ነው። እሜቴ አቻምየለሽ ተነሱ፣ ሕፃኗን አቀፉ፣ ወደ ደጅ ወጥተው በሰው ሁሉ ፊት «ይህቺ የልጄ ልጅ ብርቄ ናት» አሉ። ቀጥለው «ታላቋም ብርቄ ነበረች» አሉ። ሕፃኗን ለአስካለ መልሰው የዳሳሽን እጅ ያዙና ወደ መቃብሩ ሄዱ። ደገኛውም ሄደ፣ ኦሮሞውም ሄደ፣ ለገበያ የወጣው አፋርም ሄደ። እንደ ትናንት ሞት ሁሉም ዙሪያውን መሬት ላይ ተቀመጠ። ዳሳሽ አፏን ከፈተች። «ብርቄ፣ ብርቄዬ» ብላ ጠራቻት። እስኪበቃት ጠራቻት፣ ሰዉም አብሯት አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ዳሳሽን ፋቂዋ ያላት የለም። የብርቄ እናት ተባለች። ስትሞት የሦስቱም ወገን ሰው ቀበራት፤ ከልጇ አጠገብ ነው ያለችው።

አሁን እኛ ስም ስናወጣ እንዲህ እናደርጋለን። የአባት ወገን ከእናት ወገን ደግ የዋለለትን ሰው ይጠራል። የእናት ወገንም ከአባት ወገን ይጠራል። ከመወሰኑ በፊት ግን ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ይነሳና ወደ አራሷ ዞሮ «አንቺስ ምን ልትይው ነበር?» ይላል። የዳሳሽ ጥያቄ የምንለው እሱን ነው። እሷ እስክትመልስ ሽማግሌው አይቀመጥም፣ ሌላም ሰው አይናገርም። አሁን ታላቁ እኔ ነኝና የምጠይቀው እኔ ነኝ። ጉልበቴ እንደምታዩት ነው። ባለፈው ዓመት አንዷ አፍራ እስከ ቀትር ዝም ብትለኝ እንኳ ቆሜ ጠበቅኳት።

እኔ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ። ለነገሩኝ አፈሩ ይቅለላቸው፤ ለሰማችሁት ዕድሜ ያድላችሁ።